ወደ ለሚ፤ ስለ አሮጌ የሣቅ መጻሕፍት የተደረገ ጉዞ

ሰው ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ሌላ አገር የሚሔድበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ለንግድ፥ አንዱ በዓል ለማክበር፥ አንዱም የታመመ ዘመድ ለመጠየቅ ይሔዳል። እኔ ግን በ2012 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከአዲስ አበባ ተነሥቼ በሰሜን ሸዋ ወደምትገኘው ወደ ለሚ የሔድሁት፥ ጡረታ በወጡ በአንድ መምህር ቤት ሁለት ሣጥን አሮጌ የቀልድና የልብ ወለድ መጻሕፍት ይሸጣል የሚል ወሬ ሰምቼ ነው። ይህንን ለወዳጆቼ በነገርኋቸው ጊዜ «የብራና መጽሐፍ ነውን?» ብለው ጠየቁኝ። «አይደለም፤ የአለቃ ገብረ ሐና ቀልድ፥ የሰላዮች ታሪክና የፖሊስ ጋዜጣ ነው» ብዬ ብመልስላቸው ሣቁብኝ። መሣቃቸውም አላስቀየመኝም፤ እኔ ራሴ በወጣትነቴ ከዚህ የባሰ ሥራ ሠርቻለሁና።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። በቤታችንም ሁለት ዓይነት መጻሕፍት ነበሩ። በእንግዳ መቀበያው ክፍል መስተዋት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ዳዊቱ፥ ፍትሐ ነገሥቱ፥ የታሪክ መጻሕፍቱ ተደርድረው ይታዩ ነበር። በአልጋቸው ሥር ደግሞ በአንድ ካርቶን ውስጥ ልብ ወለዱ፥ መጽሔቱና የቀልድ ደብተሩ ተከማችቶ ነበር። እንግዳ ሲመጣ የሚታየው የቁም ሣጥኑ ነው፤ ማታ ከራት በኋላ ተስቦ የሚወጣው ግን ካርቶኑ ነበር። አባቴ ድምፃቸውን እየለዋወጡ ሲያነቡልን እናቴ የያዘችውን እንዝርት አስቀምጣ ዕንባዋ እስኪወርድ ድረስ ትሥቅ ነበር። አባቴ በ1986 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ቤቱን ያጸዳሁት የበኵር ልጅ የሆንሁት እኔ ነኝ። የቁም ሣጥኑን መጻሕፍት በክብር ለወንድሞቼ አካፈልሁ፤ ካርቶኑን ግን በራችን ላይ «ልዋጭ» እያለ ለሚያልፈው ሰው በአንድ የላስቲክ ባልዲ ለወጥሁት። ማታ እናቴ «ያ ካርቶን ወዴት ሔደ?» ብላ ብትጠይቀኝ ባልዲውን አሳየኋት። ምንም አልተናገረችም። ነገር ግን እስከ ዕለተ ሞትዋ ድረስ በዚያ ባልዲ ውሃ ስትቀዳበት አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ በአባቴ ካርቶን ውስጥ የነበሩትን መጻሕፍት አንድ በአንድ መልሼ ለመግዛት ስፈልግ ብዙ ዓመት ሆነኝ። በለገሃር፥ በብሔራዊ ቴአትር አጠገብና በመርካቶ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡት ነጋዴዎች ሁሉ ያውቁኛል፤ ከሩቅ ሲያዩኝ ዋጋ የሚጨምሩም አሉ።

እነዚህ መጻሕፍት ምን ዓይነት እንደ ሆኑ ለማያውቁ ወጣቶች ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። ልብ ወለድ የሚለው ስም በአገራችን የተለመደው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ካሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ከተባለው መጽሐፍ ወዲህ ነው። ነገር ግን ርካሹ፥ በወረቀት ልባስ የተጠረዘው፥ ወጣቱ ሁሉ በኪሱ ይዞ የሚዞረው መጽሐፍ የበዛው ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ነው። ብርሃኑ ዘሪሁን በ1952 ዓ.ም. «ሁለት የእንባ ደብዳቤዎች» የተባለውን፥ አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ወዲያው የታገደውን «አልወለድም»ን፥ ነጋሽ ገብረ ማርያም በ1956 ዓ.ም. ልጆች ከአባቶቻቸው፥ አባቶችም ከልጆቻቸው ይደብቁት የነበረውን «ሴተኛ አዳሪ»ን አወጡ። ማሞ ውድነህ «የካይሮ ጆሮ ጠቢ»ንና ሌሎችንም የሰላይ ታሪኮች ወደ አማርኛ እየመለሱ አንባቢውን ሁሉ እንቅልፍ ነሡት። «መነን» መጽሔትም ነበረች፤ የፖሊስ ሠራዊት ጋዜጣ የሆነው «ፖሊስና እርምጃው» ደግሞ የሌባውንና የነፍሰ ገዳዩን ታሪክ ይዞ ሲወጣ በየቡና ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር ነበር። በደርግ ዘመን «የካቲት» መጽሔት መጣች፤ ስሙን ከትንሽዋ የጋዝ መብራት የወሰደው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅትም ብዙ ልብ ወለድ አሳተመ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያወጣው «ኦሮማይ» ከገበያ በተሰበሰበ ጊዜ የተረፈው ቅጂ በድብቅ ይነበብ እንደ ነበር ያ ትውልድ አይረሳውም። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ከወጣ በኋላ ደግሞ መጽሔቱና የቀልድ ደብተሩ እንደ ክረምት እንጉዳይ በመንገዱ ዳር ሁሉ ፈላ።

መግዛት የማይችል ሰው መጽሐፉን ይከራይ ነበር። በየሠፈሩ ባለ ሱቁ መያዣ ተቀብሎ ልብ ወለዱን ለአንድ ቀን ወይም ለሁለት ቀን በሳንቲም ያከራያል። ስለዚህ ዛሬ በእጃችን የሚገባው አሮጌ ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ በጀርባው ላይ የሱቅ ማኅተምና የቀን ዝርዝር አለበት። አንዳንድ ሰብሳቢ ይህን እንደ እድፍ ቈጥሮ ንጹሑን ይመርጣል። እኔ ግን ማኅተም ያለበትን እመርጣለሁ፤ ንጹሕ ሆኖ የቀረ የቀልድ መጽሐፍ ማንንም ያላሣቀ ነውና።

ወደ ለሚ የሚሔደው መንገድ በጎጃም በር ይወጣል። ሱሉልታንና ጫንጮን አልፈን ሙከ ጡሪ ስንደርስ የጎጃሙን መንገድ ትተን ወደ ቀኝ ታጠፍን። ወሩ ኅዳር ስለ ሆነ በግራና በቀኝ ያለው ሜዳ ሁሉ በአጨዳ ላይ ነበር፤ የታጨደው ጤፍ ተከምሮ፥ ያልታጨደው በነፋስ እየተኛና እየተነሣ፥ በሬዎቹም በየዐውድማው ሲዞሩ ይታያሉ። አውቶቡሳችን በሞላ ሰውና ዶሮ ተጨናንቆ ነበር፤ ከአጠገቤ የተቀመጡት አንድ ቄስ ስለ ምን እንደምሔድ ጠይቀውኝ ብነግራቸው ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ቀልድ ተወዶአል ማለት ነው» አሉ።

ለሚ የእንሳሮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የደጋው ሜዳ ማለቂያ የሌለው መስሎ ሲሔድ ይቈይና በድንገት ይቈረጣል፤ ከተማይቱም በዚያ በተቈረጠው አፋፍ አጠገብ ተቀምጣለች። ከአፋፉ ላይ ቁመው ሲመለከቱ የጀማ ሸለቆ ከእግር በታች ተዘርግቶ ይታያል። ጀማ ወደ ዓባይ የሚገባ ወንዝ ነው፤ ገደሉም እንደ ደረጃ በየድርብ ወርዶ፥ ከታች ቆላው በጭጋግ ተሸፍኖ፥ ማዶ ደግሞ የመርሐቤቴ ተራራ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ደረታቸው ቀይ የሆነው ጭላዶች በገደሉ አፍ ላይ ሣር እየነጩ ሰውን ከቁም ነገር አይቈጥሩትም። ከዚያ ወዲህ በ2017 ዓ.ም. በመስከረም ወር በዚሁ አካባቢ ታላቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቆ የለሚ ስም በሁሉ ዘንድ ተሰምቷል። እኔ በሔድሁ ጊዜ ግን ወደ ለሚ እሔዳለሁ ብል «እርስዋ ደግሞ የት ናት?» የሚለኝ ሰው ይበዛ ነበር።

የመምህሩ ቤት ከዋናው መንገድ ፈንጠር ብሎ፥ ግድግዳው በጭቃ ተመርጎ በኖራ የተቀባ፥ በቆርቆሮ የተከደነ ነበር። ባለቤታቸው በር ላይ ተቀብለውኝ «ይግቡ ጌታዬ፤ እግርዎን ይባረክ» አሉኝ። መምህሩ ጋቢያቸውን ደርበው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዙረው ሊነሡ ሲሞክሩ «በእግዜር» ብዬ አስቀመጥኋቸው። ያን ጊዜ ዓይናቸውን አየሁት። በሁለቱም ብሌን ላይ ነጭ ሞራ ተጋርዶበታል።

ጠላውና ዳቦው ቀርቦ የአገሩ ወሬ ከተጠያየቅን በኋላ የልጅ ልጃቸው፥ የ13 ዓመት ልጅ፥ ሣጥኖቹን እየጎተተች አመጣች። አንዱ የእንጨት፥ ሁለተኛው የቆርቆሮ ነበር። ምስጥ እንዳይወጣበት የእንጨቱ ሣጥን በድንጋይ ላይ ተቀምጦ በዙሪያው ዐመድ ይነሰነስበት እንደ ነበር ነገሩኝ። መምህሩ ወጣት ሳሉ በየክረምቱ ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ሲሔዱ ከአበላቸው ቀንሰው አንድ ወይም ሁለት መጽሐፍ ሳይገዙ ተመልሰው አያውቁም። እያንዳንዱን መጽሐፍ በአሮጌ ጋዜጣ ለብጠው፥ በልባሱ ላይ ስሙንና ተራ ቁጥሩን በቀይ ቀለም ጽፈውበታል። ሁሉም 143 ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ የውሰት መዝገባቸው ነው። የእንሳሮና የመርሐቤቴ መምህራን፥ ጸሐፊዎች፥ ነጋዴዎች መጽሐፍ የተዋሱበትና የመለሱበት ቀን ከ30 ዓመት በላይ በአራት ደብተር ተመዝግቧል። በአንዳንዱ ስም አጠገብ «በወጥ አበላሽቷል»፥ በአንዳንዱም አጠገብ «አልመለሰም፤ እግዚአብሔር ይፍረድ» የሚል ይነበባል። 61ኛው ተራ ላይ ያለው መጽሐፍ ደግሞ «የሒሳብ ትምህርት፥ ሁለተኛ መጽሐፍ» የሚል ሲሆን፥ ከሁሉ አብልጦ የተዋሱት እርሱን ነው። የወረዳው ዳኛ ብቻቸውን ሦስት ጊዜ ወስደውታል። የዚህ አገር ሰው ለሒሳብ ያለውን ፍቅር እያደነቅሁ ገጹን ገለጥሁ።

«እንዲህ የተጠበቀውን ነገር ለምን ይሸጡታል?» ብዬ መጠየቄ አልቀረም።

«ዓይኔን ላሠራበት ነው» አሉ መምህሩ። «ወደ አዲስ አበባ ለመውረድ፥ ለማደሪያ፥ ለመድኃኒት ገንዘብ ያስፈልጋል። 6,000 ብር ባገኝ ይበቃኛል ብዬ አሰላሁ።» ትንሽ ዝም አሉና ሣቅ አሉ። «አለቃ ገብረ ሐና ቢሰሙኝ ኖሮ ምን ይሉኝ ይመስልዎታል? ለማንበብ ዓይን ልገዛ መጽሐፌን ሸጥሁ፤ ዓይኔ ሲበራ የማነበው የለኝም።»

ልጅቱ በዚህ ጊዜ አንገትዋን ደፍታ የሣጥኑን ክዳን በጣትዋ ትጭር ነበር። ኋላ ከአያትዋ እንደ ሰማሁት ዓይናቸው ከደከመ ጀምሮ በየማታው መጽሐፉን እያነበበች የምታሰማቸው እርስዋ ናት፤ ጎረቤትም ለቡና ሲመጣ ጆሮውን ጥሎ ይሰማል። በትምህርት ቤት ከክፍልዋ በንባብ የሚቀድማት የለም አሉ፤ ይህም በምን እንደ መጣ ግልጽ ነው።

መጽሐፎቹን እያነሣሁ ስመለከት የገጾቹ ዳር እንደ ትምባሆ ቅጠል ቡናማ ሆኖ፥ አንዳንዱም ገና ሲነካ ይፈረፈር ነበር። መምህሩ በጣታቸው ዳሰው «ይህን ያህል ጠብቄው ለምን አረጀብኝ?» ሲሉ አዘኑ። ጥፋቱ የእርሳቸው አይደለም። ርካሽ ወረቀት የሚሠራው ከተፈጨ እንጨት ነው፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን የሚባለው ነገር ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፥ በወረቀቱ ውስጥ ያለው አሲድም ከውስጥ ያቃጥለዋል። የአባቶቻችን ብራና ከፍየልና ከበግ ቆዳ የተፋቀ ስለ ሆነ 500 ዓመት ቢያድር አይደንቀውም። እንግዲህ ነገሩ ተገለባብጦ፥ የጥንቱ መጽሐፍ በዕቃ ቤት በደኅና ሲኖር ትናንት የታተመው ቀድሞ ይጠፋል።

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። በአሜሪካ አገር «አርጎሲ» የተባለ መጽሔት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1896 ዓ.ም. እንዲህ ባለው ርካሽ ወረቀት ላይ ልብ ወለድ ብቻ እያተመ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ በመቶ የሚቈጠሩ መጽሔቶች ተከትለውት ነበር። ስማቸውም ፐልፕ ይባል የነበረው ከወረቀቱ የተነሣ ነው። የመርማሪው፥ የሰላዩ፥ የጠፈሩ ታሪክ ሁሉ ያደገው በነርሱ ላይ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመጣ ጊዜ ሕዝቡ አሮጌ ወረቀት እንዲሰጥ ስለ ተጠየቀ ቍጥሩ የበዛ መጽሔት ተፈጭቶ ጠፋ፤ የተረፈውን ዛሬ ሰብሳቢዎች በብዙ ገንዘብ ይሻሙበታል። በዚያው ጦርነት ለወታደሮች ኪስ እንዲመች ተደርጎ 122 ሚሊዮን ያህል መጽሐፍ በነጻ ታድሏል፤ ከነዚያም መካከል የሣቅ መጽሐፍ ብዙ ነበረ። በናይጄሪያም የኦኒቻ ገበያ ነጋዴዎች ስለ ፍቅርና ስለ ገንዘብ የሚናገሩ ትንንሽ ደብተሮች እያተሙ ይሸጡ ነበር፤ ከ1967 ጀምሮ በተደረገው የቢያፍራ ጦርነት ገበያው ፈረሰ፥ ከደብተሮቹም ብዙው ዛሬ የሚገኘው ባሕር ማዶ በአሜሪካ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲና በሌሎች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የኦኒቻ ልጅ አያቱ የሣቀበትን ለማንበብ ውቅያኖስ ይሻገራል ማለት ነው። ይህን በተናገርሁ ጊዜ ከደረት ኪሴ ያለው 8,000 ብር ከበደኝ።

እዚህ ላይ ለቤት እመቤቶች አንድ ነገር ላሳስብ። በቤታችሁ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ያላችሁ እንደ ሆነ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፥ ፀሓይና እርጥበት በማያገኘው ስፍራ አኑሩት። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉት፤ ፕላስተሩ ከጥቂት ዓመት በኋላ ራሱ ወረቀቱን በልቶ ቡናማ እድፍ ይተውበታል። በነጭ ወረቀት ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይሻላል። በርበሬ መጠቅለያ እንዳይሆን መጠበቅ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

ፀሓይ ስታዘቀዝቅ ልጅቱ መንገድ እየመራችኝ ወደ አፋፉ ወጣሁ። ማዶውን እያመለከተች «ያ መርሐቤቴ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዓለም ከተማ አለ» አለችኝ። እኔም ከዚያ ማዶ የተወለዱትን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን አሰብሁ። ደራሲነታቸውንና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸውን ሁሉም ያውቃል፤ «ወዳጄ ልቤ»ን በ1915 ዓ.ም. ማሳተማቸውንም፥ በ1931 ዓ.ም. በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር ማረፋቸውንም እንዲሁ። እኔን ግን ዘወትር የሚያስደንቀኝ ሌላ ሥራቸው ነው። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ቈጥረው ዝርዝሩን አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፍተው እንደ ገና አወጡት። መጽሐፉ በየደብሩና በየሰዉ ቤት እንዳለ ሆኖ፥ መኖሩ ግን በወረቀት ላይ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ በ1936 ዓ.ም. ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቋቁሟል፤ በ1967 ዓ.ም. የሚታተመው ሁሉ ለእርሱ እንዲሰጥ አዋጅ ወጥቷል፤ በዩኒቨርሲቲውም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ብዙ ሰብስቧል። ነገር ግን ያለ አሳታሚ ስም ተባዝታ በመንገድ ዳር የምትሸጥ የቀልድ ደብተር ከእንዲህ ያለው መረብ ብዙ ጊዜ ታመልጣለች። እኔም 20 ዓመት ሙሉ ስገዛና ሳከማች አንድ ቀን እንኳ ዝርዝር ጽፌ አላውቅም። ብሞት ልጄ በምን ያውቀዋል? ምናልባት እርሱም ባልዲ ይፈልግ ይሆናል።

«ጋሼ፥» አለች ልጅቱ ከኋላዬ፥ «ሁሉንም ይወስዱታል?»

«ምን ላድርግ ትያለሽ?»

«አላውቅም። የአባባ ዓይን እንዲድን እፈልጋለሁ» አለችና ወደ ጭላዶቹ ትንሽ ድንጋይ ወረወረች።

ማታ ራት ከተበላ በኋላ ቡና ተፈላ፤ ጎረቤትም መጣ። ልጅቱ ከቆርቆሮው ሣጥን ውስጥ ልባስዋ የተቀደደ አንዲት ቀጭን ደብተር አውጥታ ለማንበብ ተዘጋጀች። ገና ሳያት አወቅኋት። የአለቃ ገብረ ሐና ቀልዶች ናቸው፤ በአባቴ ካርቶን ውስጥ የነበረችው፥ በለገሃርም በመርካቶም ስፈልጋት የኖርሁ እርስዋ ናት። «ዛሬ እኔ ላንብብ» ብዬ ለመንኋት። ሰጠችኝ።

አለቃ ገብረ ሐና በፎገራ ተወልደው በጎንደርና በሸዋ ያስተማሩ፥ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራውን አቋቋም ያወጡ ታላቅ ሊቅ ነበሩ፤ ሕዝቡ ግን ከዝማሜያቸው ይልቅ ቀልዳቸውን አስታወሰ። ሁሉ የሚያውቀውን ጀመርሁ፤ አለቃ በመንገድ ሲያልፉ አህያ የምትነዳ ሴት አገኙና «እንደምን አደርሽ የአህያ እናት» ቢሉአት፥ እርስዋም ሳታመነታ «ደኅና አደርሁ ልጄ» አለቻቸው የሚለውን። ሁሉም መጨረሻውን ቀድሞ ያውቀዋል፤ ቢሆንም ሣቁ። መምህሩ «ያቺ ሴት እኮ የዚሁ የጀማ አፋፍ ሰው ናት» አሉ። «በጎንደር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» ብላቸው «በጎንደር ሲነገር የጎንደር ትሆናለች፤ አህያ የሚነዳበት አገር ሁሉ አገርዋ ነው» ብለው መለሱልኝ። ከዚያ በኋላ ሳላስበው ድምፄን እንደ አባቴ እየለዋወጥሁ እስከ መጨረሻው አነበብሁ። ባለቤታቸው ሲኒውን እንደ ያዙ፥ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዕንባቸው እስኪወርድ ሣቁ። እኔም ጥቂት ጊዜ ማንበቡን አቋርጬ ጭሱ ዓይኔን እንደ ነካው አስመሰልሁ።

ጠዋት ውሳኔዬን ለመምህሩ ነገርኋቸው። የዓይን ሞራ የተጋረደውን የዓይን ምስተዋት አውጥቶ በሌላ የመተካት ሥራ እንጂ ሌላ አይደለም፤ ሐኪሙ በአጭር ሰዓት ይጨርሰዋል፥ በዘመቻ ጊዜም ለብዙ ሰው በነጻ ይሠራል። የሚከብደው መንገዱና ማደሪያው ነው። ቤቴ በአዲስ አበባ ነው፤ አንድ ክፍልም ባዶ አለ። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ ከልጅቱ ጋራ መጥተው እኔ ዘንድ እንዲያርፉ፥ እኔም ልጅቱ የማታነባቸውን 11 የተበጣጠሱ መጽሔቶች ብቻ በ3,000 ብር እንድወስድ፥ የቀሩት መጻሕፍት ከሣጥናቸው እንዳይወጡ ለመንኋቸው። መምህሩ ዋጋው በዛ ብለው ተከራከሩኝ። በሕይወቴ ሙሉ ሻጭ «በዛ» ሲለኝ ያን ቀን ብቻ ሰማሁ።

ከዚያ እስከ ቀትር ድረስ ልጅቱ ከልባሱ ላይ እያነበበች፥ እኔ እየጻፍሁ፥ የ143ቱን ዝርዝር አደረግን። ስም፥ ደራሲ፥ የታተመበት ዓመት፥ ስንት ሰው እንደ ተዋሰው ሁሉ ገባበት። የአለቃ ገብረ ሐና ደብተር 118ኛ ሆነች። መምህሩ እርስዋን ውሰድ ቢሉኝም አልወሰድኋትም፤ ልወስድ እጄን ዘርግቼ ነበር ብዬ ግን ለእናንተ አልደብቅም።

በጥር ወር መጡ። ዓይናቸው በደኅና ተሠራ። በማግስቱ ፋሻው ተነሥቶ ወደ ቤት ከተመለስን በኋላ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው መጀመሪያ የጠየቁት ያን ዝርዝር ነው። በመኪና አስጽፌ አዘጋጅቼው ነበርና ሰጠኋቸው። ወረቀቱን አንዴ አቅርበው አንዴ አርቀው፥ በጣታቸው እየተከተሉ፥ ፊደሉን እንደ ጠፋ ዘመድ እያዩ ያነቡ ጀመር። ሁለት የዓመተ ምሕረት ስሕተት አገኙብኝ። ቀጥሎ ጣታቸው 61ኛው ተራ ላይ ሲደርስ ቆመ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ ያመማቸው መስሎኝ ደነገጥሁ፤ ሣቅ ነበር።

«ልጄ፥ ውሃ አምጪልኝ» ብለው ልጅቱን ላኳት። በሩ ሲዘጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ይህስ ሒሳብ አይደለም» አሉኝ በሹክሹክታ። «‹ሴተኛ አዳሪ› ነው። በ1964 ዓ.ም. ከአማቴ የደበቅሁት እንደዚያ ለብጬ ነው። ዝርዝሩን ያስተካክሉት፤ ነገር ግን ልጅቱ ከማየትዋ በፊት አያትሙት።»